ለትንሽ ዳቦና ኬክ ቤት ደንበኛ ማብዛት፦ ጅማ ላይ በ90 ቀን የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ትንንሽ ዳቦና ኬክ ቤቶች ማስታወቂያ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። ቴሌግራም ቻናል ይከፈታል፣ በአንድ ቀን 40 ፎቶ ይለጠፋል፣ ዋጋ ግን የለም፤ «ለዋጋ በውስጥ መስመር» ይባላል። የደወለ ሰው ስልክ አይነሳለትም፣ የመጣውም ታፔላ አጥቶ አልፎ ይሄዳል። ከሁለት ወር በኋላ «ማስታወቂያ አይሠራም» ተብሎ ሁሉም ይተዋል። ማስታወቂያው ሠርቶ ነበር፤ ሰውየውን በር ድረስ አምጥቶታል። የጎደለው ከበሩ ወዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። ምሳሌው ዳቦና ኬክ ቤት ቢሆንም ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት ወይም እንጨት ቤት ያለው ሰው ከኬኩ በቀር ሁሉንም እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት ያዘጋጁ

- አንድ ወፍራም ደብተርና በክር የታሰረ እስክሪብቶ። ያልታሰረ እስክሪብቶ ከባንኮኒ ላይ ሁለት ቀን አይቆይም።
- ለሥራ ብቻ የሚውል ሲም ካርድ፣ በእርስዎ ስም የወጣ። በሠራተኛ ስም ከሆነ ሠራተኛው ሲለቅ ደንበኛው አብሮት ይሄዳል።
- የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ። ደረጃ 6 ላይ ያለ እነዚህ አይሄዱም።
- የቴሌብር የነጋዴ አካውንትና የታተመ ኪውአር ኮድ።
- ለማስታወቂያ የተለየ ገንዘብ። በእኛ ግምት ለትንሽ ቤት ከወር ሽያጩ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ገና ቆጠራ አልጀመረም።

ደረጃ 1፦ ቆጠራ (ከቀን 1 እስከ 14)

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ምንም አያስተዋውቁ፣ ይቁጠሩ ብቻ። ምዝገባው ግን ከዚያ በኋላም እስከ 90ኛው ቀን ይቀጥላል።

1. ደብተሩን በሰባት ረድፍ ይክፈሉ፦ ነባር ደንበኛ፣ በመንገድ ሲያልፍ፣ ሰው ነግሮት፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ፣ ጉግል ካርታ፣ ባጃጅ።
2. ለእያንዳንዱ አዲስ ፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ማን አሳየዎት?» «እንዴት አወቁን?» የሚለው የፈተና ጥያቄ ይመስልና «እንዲሁ ነው» የሚል መልስ ያመጣል። «ማን አሳየዎት» ሲባል ግን ሰው ስም ይጠራል።
3. በየሰዓቱ ምን እንደተሸጠና ምን እንዳለቀ ይጻፉ። ዳቦው 2 ሰዓት ላይ አልቆ ሰው እስከ 4 ሰዓት እየጠየቀ የሚመለስ ከሆነ ችግርዎ የማስታወቂያ ሳይሆን የሊጥ ነው።
4. ሳይገዛ የወጣውን ሰው ምክንያት ይጻፉ፦ ዋጋ፣ አልቋል፣ ለመልስ ዝርዝር ብር ጠፋ፣ ወረፋ።

*ከተበላሸ፦* ሠራተኞች መመዝገብ ከረሱ ሙሉውን ቀን አይጠይቋቸው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓትና ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ብቻ ይመዝገቡ። ትክክለኛ ግማሽ መረጃ ከተገመተ ሙሉ መረጃ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ በሩን ማስተካከል (ከቀን 15 እስከ 25)

*ታፔላ።* በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ያስጽፉት። ከማሰቀልዎ በፊት ንድፉን ይዘው ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ይሂዱና ፈቃዱንና ክፍያውን ይጨርሱ። የአፋን ኦሮሞውን ጽሑፍ ቋንቋውን በደንብ የሚጽፍ ሰው ሳያየው ወደ ማተሚያ ቤት አይላኩ። በላቲኑ ፊደል አንድ አናባቢ ሲነጠል ወይም ሲደገም ትርጉሙ ይቀየራል፤ ስህተቱም እስከሚቀጥለው ታፔላ ድረስ መሳቂያ ያደርግዎታል። ስሙ፣ የሚሸጡት ነገርና ስልክ ቁጥሩ ይበቃሉ። አሥር ዓይነት ኬክ የተለጠፈበትን ታፔላ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው አያነበውም። ለመፈተን ከመንገዱ ማዶ 30 እርምጃ ርቀው ቆመው ስሙን ለማንበብ ይሞክሩ።

*የዋጋ ዝርዝር።* ዋጋን በግልጽ መለጠፍ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 813/2006) የሚያዘው ግዴታ ነው። ለገበያውም ይጠቅማል፤ ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ዋጋ ከመጠየቅ ዝም ብሎ መውጣትን ይመርጣል። ከዝርዝሩ ግርጌ ቀን ይጻፉ። ዱቄት ሲወደድ «ባለፈው ሌላ ነበር» ለሚል ደንበኛ ቀኑ ራሱ መልስ ይሰጣል።

*ስልክ።* የሥራው ስልክ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ የማን እጅ እንደሆነም በስም ይወሰን። ያልተነሳ ጥሪ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይመለስ።

*አድራሻ።* ቤትዎን የሚያመለክት አንድ ዓረፍተ ነገር ይምረጡና ሁሉም ሠራተኛ በቃሉ ይያዘው። መነሻው ማንም የባጃጅ ሹፌር የሚያውቀው ቦታ ይሁን፦ መርካቶ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ አጂፕ፣ ስታዲየም፣ መነኸሪያ፣ የዩኒቨርሲቲው ዋና በር። «ከአዌቱ ድልድይ ወደ ላይ ሲሄዱ በስተግራ፣ ሦስተኛው በር» ጥሩ አድራሻ ነው። «ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አካባቢ» አይደለም፤ «አካባቢ» የሚለው ቃል ደንበኛ ያስጠፋል።

ደረጃ 3፦ ጉግል ካርታ ላይ መውጣት

ነፃ ነው፣ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ብዙው ሰው ግን ይዘለዋል። ለስብሰባ ወይም ለምርመራ ወደ ጅማ የመጣ እንግዳ ከሆቴሉ ሆኖ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው።

1. ለሥራው ብቻ የሚሆን የጉግል አካውንት ይክፈቱ።
2. ካርታው ላይ «ንግድ ጨምር» የሚለውን መርጠው ስሙን ልክ ታፔላው ላይ እንዳለው ይጻፉ። «ምርጥ»፣ «ርካሽ» የሚሉ ቃላት አይጨምሩ፤ ገጹን ሊያሳግዱ ይችላሉ።
3. ነጥቡን በእጅዎ ያስቀምጡ። ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ቀይረው ጣሪያዎን ይፈልጉ። ስልኩ በራሱ የሚመርጠው ቦታ አንዳንዴ አንድ መንገድ ይስታል።
4. ማረጋገጫ በቪዲዮ ከተጠየቁ በቀን ብርሃን፣ ሳያቋርጡ፣ ከ30 ሰከንድ በላይ ይቅረጹ። መንገዱንና አጠገብዎ ያሉትን ቤቶች፣ ከዚያ ታፔላውን፣ ከዚያ በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ በመጨረሻም ለሠራተኛ ብቻ የሚፈቀደውን ቦታ (ምድጃውን፣ የገንዘብ መሳቢያውን) ያሳዩ።
5. የሥራ ሰዓት ሲሞሉ ይጠንቀቁ። የእኛ 2 ሰዓት ጠዋት እዚያ ላይ 8 ሰዓት ነው።

*ከተበላሸ፦* ማረጋገጫው ውድቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታፔላው ላይ ያለው ስምና የተሞላው ስም አለመመሳሰላቸው ነው። ያስተካክሉና እንደገና ይቅረጹ። ሁለተኛ ገጽ ግን አይክፈቱ፤ ሁለቱም ሊታገዱ ይችላሉ።

ደረጃ 4፦ ፎቶ (ሁለት ጠዋት ይበቃል)

ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ መብራት አጥፍተው ያንሱ። ቢጫ አምፖል ክሬሙን ያረጀ ያስመስለዋል። የስልኩን ካሜራ መነጽር በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ዳቦ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ቅባትና ዱቄት አለበት። ለእያንዳንዱ ኬክ ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉው፣ የተቆረጠው ውስጡ፣ መጠኑ እንዲታይ በሰው እጅ የተያዘው። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሰው ኬክ አይለጥፉ። ደንበኛው ያንኑ አሳይቶ ያዝዛል፤ እርስዎ ደግሞ ያንን መሥራት አይችሉም። አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጁ (ቁጥር 759/2004) የተከለከለ መሆኑንም አይርሱ።

ደረጃ 5፦ ቴሌግራም (ከቀን 30 ጀምሮ)

ቡድን ሳይሆን ቻናል ይክፈቱ። ቡድን ውስጥ ሁሉም ሰው ይጽፋል፤ በሳምንቱ የዕቃ ሻጮች መድረክ ይሆናል።

1. ስሙ የታፔላው ስም ሆኖ «ጅማ» የሚለው ይጨመርበት። መግለጫው ላይ ስልክ፣ ያቺን የአድራሻ ዓረፍተ ነገርና የሥራ ሰዓት ያስገቡ።
2. አንድ መልእክት ከላይ ይሰኩ፦ ሙሉ የዋጋ ዝርዝር፣ የቀብድ ደንብና የካርታ ሊንክ።
3. ቴሌግራም የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች ከስልክዎ መዝገብ እንዲያስገቡ ይፈቅድልዎታል። አይጠቀሙበት። ሳይጠየቅ የገባ ሰው ድምፁን ያጠፋዋል ወይም ይወጣል። ይልቅ የቻናሉን ኪውአር ኮድ ባንኮኒ ላይ ይለጥፉና ሲከፍሉ እንዲገቡ ይጋብዙ። ቀስ ይላል፣ ግን የሚገባው የገዛ ሰው ነው።
4. በሳምንት ሦስት ጊዜ ይለጥፉ። ማክሰኞ ማታ ለረቡዕ ጾም፣ ሐሙስ ማታ ለዓርብ ጾምና ለቅዳሜ ልደት፣ ቅዳሜ ጠዋት ለእሑድ። መልእክቱን አስቀድሞ በሰዓት ማስያዝ ይቻላል፤ የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ሲቆዩ ምርጫው ይመጣል።
5. እያንዳንዱ ልጥፍ ስድስት ነገር ይያዝ፦ ምን፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ብር፣ የትዕዛዝ ማብቂያ ሰዓት፣ የት እንደሚወሰድ፣ ስልክ።

ከልጥፉ ግርጌ ያለውን የተመልካች ቁጥር በ24 ሰዓት ውስጥ ይመዝግቡ። ከአባላቱ ሩብ እንኳ ካላየው የለጠፉበትን ሰዓት ይቀይሩ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ያብሩ። ሠራተኛ እንዲለጥፍ ከፈለጉ አስተዳዳሪ ያድርጉት እንጂ ኮድ አይስጡት። የቻናሉን ባለቤትነት ወደ ሌላ አካውንት ማዛወር የሚቻለውም ይህ የይለፍ ቃል ከበራ ከ7 ቀን በኋላ ስለሆነ ችግር ሲመጣ ማብራት ዋጋ የለውም።

ቲክቶክ ላይ ብዙ አይድከሙ፤ በሳምንት ሁለት፣ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ የሆነ ቪዲዮ ይበቃል። ኬክ ሲቆረጥ፣ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ጅማ» ይበሉ፤ አለዚያ አስተያየቱ ሁሉ «አዲስ አበባ የት ናችሁ?» ይሆናል። ዋጋ የጠየቀን እዚያው በአደባባይ ይመልሱ። ፌስቡክ ላይ ደግሞ የግል ገጽ ሳይሆን የንግድ ገጽ ይክፈቱ፤ የግሉ 5,000 ጓደኛ ላይ ይቆማል። «ገጽህን ላሳድግልህ» ብሎ የይለፍ ቃል የሚጠይቅን ሰው ግን ያሰናብቱ።

ደረጃ 6፦ በእግር የሚሠራው (ከቀን 40 እስከ 70)

ጅማ ላይ ዛሬም ብዙ የሚያመጣው ይህ ነው።

*ሐሙስ ገበያ።* ሐሙስ ከገጠር የመጣ ሰው ዳቦ ይዞ ይመለሳል፤ የሚገዛውም በቁጥር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት «በ10 ዳቦ 1 ምራቂ» ይበሉ። ዋጋ አይቀንሱ። የተቀነሰ ዋጋ ወደ ቦታው ሲመለስ ጭማሪ ይባላል፤ ምራቂ ግን ምራቂ ነው። ከረጢቱ ላይ ስልክ ያለበት ስቲከር ይለጥፉ፤ ከረጢቱ ቤት ሲደርስ ለጎረቤትም ይታያል።

*ቅምሻ።* ባለ 2 ኪሎ ኬክ በ30 ግራም ሲቆረጥ 65 ያህል ቁራሽ ይሆናል። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ሰክተው በክዳን ይሸፍኑት። በር ላይ ብቻ አይቁሙ፤ አስፈቅደው ወደ ፀጉር ቤቶች ይግቡ። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች፤ ኬኩን ትቀምሳለች፣ ታወራለች፣ ልደት ያለባትንም ታስታውሳለች። የጾም ኬክና የፍስክ ኬክ በአንድ ትሪ ላይ አያቅርቡ፤ የሚጾም ሰው ሁለቱንም አይነካም።

*ባጃጅ።* ቤትዎ አካባቢ ተራ የሚጠብቁ 10 ሹፌሮችን ይምረጡ። ከሹፌሩ ጀርባ፣ ከተሳፋሪው ፊት የሚለጠፍ የመዳፍ ስፋት ያለው ስቲከር ይስጧቸው። ውጭ የሚለጠፈው የክረምቱን ዝናብ አይችልም። ደንበኛ ይዞ ለመጣ ሹፌር ገንዘብ ሳይሆን ሻይና ዳቦ ይሁን፤ ገንዘብ ከተጀመረ በወሩ ድርድር ይሆናል።

*ቢሮዎችና ሥልጠናዎች።* ሆስፒታሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ቂጦ ፉርዲሳ ያለውን ጨምሮ፣ ለሻይ ሰዓት በብዛት ይገዛሉ። እነሱ ፎቶ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ)፣ ቲንና ደረሰኝ ነው። ማኅተም ያረፈበት ባዶ የፕሮፎርማ ቅጽ ዕለቱን እንዲደርስ አዘጋጅተው ይቀመጡ። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አቅራቢ ስለሚሰበሰብ ቀድሞ የደረሰው ይጠቀማል። ክፍያው ግን ሊዘገይ ይችላል፤ የዱቄት ገንዘብዎን እዚያ አያስይዙ።

*ዕድርና ዕቁብ።* የዕድሩን ጸሐፊ ያነጋግሩ። ለሐዘን ቤት የሚሄድ ዳቦ በሌሊት እንኳ ቢታዘዝ በሰዓቱ ካደረሱ ሰፈሩ ውለታዎን ይይዝልዎታል። በዚህ ላይ ማስታወቂያ አይለጥፉ፣ ስቲከርም አያስገቡ። ነውር ነው።

*በራሪ ወረቀት።* 300 ካተሙ በሦስት ይክፈሉና ጥግ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ምልክት ያድርጉ፦ ሀ ለመርካቶ፣ ለ ለካምፓስ፣ ሐ ለሰፈሩ። ወረቀቱን ይዞ ለመጣ ሰው ምራቂ ይስጡና ወረቀቱን ያስቀሩ። ከወር በኋላ የቱ እንደሠራ ይቆጥራሉ። በሞንታርቦ መኪና ማስነገር ከፈለጉ ፈቃድ ይያዙ፤ የአዛንና የቅዳሴ ሰዓትንም ያክብሩ።

ደረጃ 7፦ ትዕዛዝ መቀበል

የተለፋበት ማስታወቂያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የልደት ኬክ ከተበላሸ 30 እንግዳ ያያል።

1. ኬኩ ላይ የሚጻፈው ስም በቃል አይወሰድ፤ ደንበኛው ራሱ በመልእክት ይላክ። «ሃይሌ» እና «ኃይሌ» ለባለቤቱ አንድ አይደለም።
2. ቀብድ ግማሹን ይቀበሉ፤ ቀብድ ካልገባ ምድጃ አይለኮስ።
3. ክፍያ ገባ የሚባለው የእርስዎ ስልክ ላይ ሲታይ ብቻ ነው። ከደንበኛው ስልክ ላይ የሚታይ ምስል ይቀነባበራል። በ*127# ወይም በቴሌብር መተግበሪያው ሒሳብዎን ያረጋግጡ፤ ኔትወርክ ከጠፋ በትሕትና ያስጠብቁ።
4. ከመረከቢያው ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው የኬኩን ፎቶ ለደንበኛው ይላኩ። ስህተት ካለ ክሬም ለመቀየር ጊዜ አለ።
5. መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ለጠዋት የሚወሰደውን ኬክ ማታውኑ ይጋግሩ፤ ማስዋቡን ለጠዋት ያቆዩ።

*ከተበላሸ፦* ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ በዚያው ሰዓት ገንዘቡን ይመልሱና ኬኩን ይተዉላቸው። ቻናሉ ወይም ቲክቶክ ላይ መጥፎ አስተያየት ከመጣ አያጥፉት። «ይቅርታ፣ አሁን እንደውልልዎታለን» ብለው ይመልሱና በእውነት ይደውሉ።

ደረጃ 8፦ የገዛውን መልሶ መጥራት

ኬክ ያዘዘን ሰው «የሚቀጥለው ዓመት እናስታውስዎት?» ብለው ይጠይቁ። እሺ ካለ ስልኩንና የልደቱን ቀን ይመዝግቡ፤ እሺ ካላለ አይመዝግቡ። ቀኑ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው መልእክት ይላኩ። በግዕዝ ፊደል የሚላክ አንድ የስልክ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ እንደ ሁለት ይከፈልበታል። «ነገ የጾም ኬክ አለን፤ 1 ኪሎ 700 ብር። እስከ ማታ 12 ሰዓት ይዘዙ።» የሚለው 46 ሆሄ ነው፤ ለስምዎ 24 ይተርፋል። በወር ከሁለት በላይ አይላኩ።

ደረጃ 9፦ የዓመቱን ገበያ ግድግዳ ላይ መጻፍ

- ረመዳን፦ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል። ሳምቡሳና ጣፋጭ ከአፍጥር አንድ ሰዓት በፊት ዝግጁ ይሁን፤ ትዕዛዝ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋ። ቀን ላይ የምግብ ቪዲዮ አይለጥፉ።
- ጾሞች፦ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን። የጾም ኬክ በእነዚህ ቀናት ዋናው ዕቃ ነው፤ በዘይትና በማርጋሪን ውስጥ ወተት እንደሌለ ማሸጊያው ላይ ያንብቡ።
- ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፦ የቡና ለቀማ ነው፤ በገጠሩ እጅ ገንዘብ ይገባል። የሐሙሱን ዳቦ ይጨምሩ። ጥር ላይ ሠርግ ይከተላል።
- የዩኒቨርሲቲ ምርቃት፦ ቀኑ እንደተነገረ ዕለቱን ይለጥፉ። ተማሪው ሲወጣ የሚቀዘቅዘውን ገበያ አስቀድመው አስበው ሊጥ ይቀንሱ።

ደረጃ 10፦ በ90ኛው ቀን ሒሳብ

ደብተሩን ይክፈቱ። ለእያንዳንዱ ዘዴ የወጣውን ብር ባመጣው አዲስ ደንበኛ ቁጥር ያካፍሉ። ለምሳሌ 3,000 ብር የወጣበት ወረቀት 20 ሰው ካመጣ አንዱ ሰው 150 ብር ፈጅቷል። በአንድ ግዢ ትርፍዎ 25 ብር ከሆነ ያ ሰው ስድስት ጊዜ ካልመጣ ወጪውን አይመልስም። ነባሮቹ ምን ያህል እንደሚመለሱ በደረጃ 1 ደብተር «ነባር ደንበኛ» ከሚለው ረድፍ ያያሉ።

ሁለቱን ደካማ ዘዴዎች ያቁሙና ገንዘባቸውን አንደኛ ለወጣው ይስጡ። «ሰው ነግሮት» የሚለው ረድፍ ካላደገ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው ወደ ደረጃ 7 ይመለሱና የመጨረሻዎቹን አሥር ያዘዙ ሰዎች ደውለው ኬኩ እንዴት እንደነበር ይጠይቁ።